ልጄንም ሊኑክሱንም ላጸዱልን ለክብርት ሊቀመንበር

ለክብርት ወይዘሮ ሰርካዲስ ዘለቀ
የወዳጅነት መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ክብርት ሊቀመንበር ሆይ፦

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ ጉልበትዎ የማይጠዘጥዝዎ፣ ስኳርዎ ልኩን የማያልፍ፣ ምግብ ቤትዎም በፆም ሆነ በፍስክ ወንበር የሚታጣበት እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ጤናዎን በአካል መጥቼ ብጠይቅ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በቅርቡ በደጅዎ ሳልፍ መጋረጃው ሲዘጋ ስላየሁ ፀሐዩ አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ ሳልገባ አለፍኩ። በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ እንዳልጽፍልዎም ከግሩፑ ወጥቼ ተገኘሁ። እኔ ወጥቼ አይደለም፤ መቼም ስልኬ ከማን ጋር እንደተቀያየመ እንጃለት። ስለዚህ በመንገዳችን ካሉት ሱቆች ፈቃደኛ በሆኑት መስታወት ላይ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ልጄን አስፈቅጃለሁ። «ማይክ ይዘሽ ብትናገሪውም ግድ የለኝም» ብላኛለች።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ለማያውቀኝ መንገደኛ ግን ዘቢደር ወልደየስ እባላለሁ። ዳውንታውን ካለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሥር፣ በመስታወት ቤት ተቀምጬ የሰው ቲኬት ስቀበል ያረጀሁ ሴት ነኝ። ክብርት ሊቀመንበር የልጄ የፍናን ክርስትና እናት ናቸው። በሰማንያ ቀኗ ታቅፈው ያስጠመቋት እርሳቸው ናቸው፤ እኔ ደራርቤ ስሠራ ደግሞ ልጄ ከትምህርት ቤት ወጥታ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በእርሳቸው ምግብ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የልጄ ደብተሮች ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸቱ ነበር። አስተማሪዋ አንድ ቀን «ይህች ልጅ የት ነው የምትኖረው?» ብላ ብትጠይቀኝ «ሁለት እናት ቤት» ብያታለሁ። ያን ጊዜ ትክክል ነበርኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፤ ከሁሉ በፊት ለአረጋውያን አባሎቻችን የቅዳሜ የኮምፒውተር ትምህርት እንዲጀመር ስላሰቡ አመሰግንዎታለሁ። ሐሳቡ የእርስዎ ነበር። ፍናን ዌስትውድ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተሮችን እንደምትቆጣጠር ስለሚያውቁ፣ «የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ሳያዩ ሊሞቱ ነው፤ አንድ ነገር አድርጊላቸው» አሏት። እሷም ካልቨር ሲቲ ያለ አንድ ቢሮ ሊጥላቸው የነበሩ ላፕቶፖችን ለምና፣ በመኪናዋ ጭና አመጣች። ማሽኖቹ አሮጌ ስለነበሩ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አልቻሉም፤ በእሱ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነችባቸው።

እንደኔ ላልገባው ሰው፤ ኮምፒውተር ሲከፈት መጀመሪያ ከእንቅልፉ ተነስቶ ማሽኑን የሚያዝ ፕሮግራም አለ። በአብዛኛው ከሱቅ ሲገዛ ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ነው። ያ የተገመጠ ፖም ያለበት ማክ ደግሞ የራሱ አለው። ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቤታቸው የሚያስገቡት ነው። ሥራው ያው ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ የኖሩት ጋሼ ጉግሳ ላፕቶፑን ከፍተው፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ወፍ አለበት» አሉ።

«ፔንግዊን ነው ጋሼ፤ የሊኑክስ ምልክት ነው» አለች ፍናን።

«ታዲያ አይበርም?»

«አይበርም፤ ግን መንገድ ላይ አይቆምም።»

«እንዲያ ከሆነ ከታክሲዬ ይሻላል» አሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ፋና እስኪያስላቸው ሳቁ። እርስዎም ያን ዕለት ከበሩ ቆመው ሲስቁ አይቼዎታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ እኔ እንዴት እንደሰማሁ ልናገር፤ ምክንያቱም ነገሩን በኋላ በጠራኝ የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ከነበሩት ሰዎች በተሻለ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ከሥራ ልትወስደኝ መጥታ፣ ኦሊምፒክ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዞን መኪናው ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌዎቹ «ለምን እንደ ሰው ዊንዶውስ አታደርጊልንም?» እያሉ እንደሚነዘንዟት ነግራኝ ስንስቅ ቆየን። ከዚያ መሪውን እንደያዘች፣

«እማዬ፣ አንቺን ለምን ዊንዶውስ እንደምትጠቀሚ ሰው ጠይቆሽ ያውቃል?» አለችኝ።

«ለምን ይጠይቀኛል? አብሮት መጣ።»

«ያው ነው። እኔን ግን ሁሉም ይጠይቀኛል። ሊኑክስ ለምን? ማን አስለመደሽ? መቼ ጀመረሽ? ዊንዶውስን በደንብ ሞክረሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት ጥሩ ዊንዶውስ አልገጠመሽ ይሆናል ይሉኛል።»

«አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ።»

«እና... እማዬ፣ በወንድና በሴት ነገርም እኔ ሊኑክስ ነኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያሉት ጡሩምባቸውን ለቀቁብን፤ ልጄ ግን መኪናውን አላንቀሳቀሰችም፤ ፊቴን ነበር የምታየው። እኔም መጀመሪያ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «ንጂ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኳት። ነዳች። ትንሽ እንደሄድን «ቤዚ ናት?» አልኳት። ቤዚ ካልቨር ሲቲ የምትሠራ ነርስ ናት፤ በዓል ሲሆን ሁልጊዜ ከልጄ ጋር ትመጣ ነበር፤ እኔም ምን ዓይነት ጥሩ ጓደኛ ሰጣት እያልኩ አመሰግን ነበር።

«አዎ፣ ቤዚ ናት።»

«እሷም ሊኑክስ ናት?»

«እሷ ሁለቱንም ጭና ነው የምትዞረው። ማሽኑ ሲከፈት በየቱ ልነሳ ብሎ ይጠይቃታል። እኔን ካገኘች ወዲህ ግን ሌላውን ነክታው አታውቅም።»

«ማኮቹስ?»

«ማኮቹ እንደኔ ያሉት ሀብታሞች በሚኖሩበት በዌስት ሆሊውድ ናቸው፤ ካፌ ገብተው ፖሙን ወደ ሰው አዙረው የሚቀመጡት።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «እኔና አባትሽ ደግሞ ዊንዶውስ ሆነን ምን አተረፍን? ሁልጊዜ አፕዴት አለኝ ይላል፤ አንድ ቀን ፍሪዝ አድርጎ እንደደረቀ ቀረ» አልኳት። እየሳቀች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ክብርት ሊቀመንበር፣ ፈርቼ ነበር። ስለ እሷ ሳይሆን ስለ መንገዳችን፤ ሰው በሁለቱ የፌርፋክስ ዳርቻ ቆሞ ምን እንደሚላት አውቅ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቦታ እንደማይነኳት እርግጠኛ ነበርኩ፤ የእርስዎ ቤት።

፪ኛ፤ ስለዚያ ቀን መስተንግዶዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ፍናንና ቤዚ ሊጋቡ ሲወስኑ፣ ልጄ ከእኔ ቀጥላ የነገረችው ለእርስዎ ነው። የምሳ ሰው ሄዶ ምግብ ቤትዎ ጭር ሲል መጥታ፣ በዚያችው በልጅነቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ነገረችዎት። አቅፈዋታል። ግንባሯን ስመዋታል። «አንቺ የእኔ ልጅ ነሽ፤ ምንም አይለውጠውም» ብለዋታል። ለመንገድ ብለውም ጎመንና ክትፎ ቋጥረውላታል። ልጄ እቤት ስትደርስ ዕቃውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ እትዬ ሰርኬ እሺ አለችኝ» ስትል የነበራት ፊት እስከምሞት አይጠፋኝም። ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት እንኳ እንዲህ ዓይነት ደስታ ፊቷ ላይ አላየሁም። ያን ደስታ ስለሰጧት አመሰግናለሁ። እንዲያ ባያደርጉ ኖሮ የቀጣዩ ቅዳሜ ሕመም ግማሹን ባላመመን ነበር።

፫ኛ፤ በቀጣዩ ቅዳሜ ስለተደረገው የቁልፍ ቅየራ ፍጥነት ማኅበሩን ማድነቅ ግዴታዬ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ዓመት ሙሉ ሲያንጠባጥብ በጀት የለም የተባለው ማኅበር፣ የአዳራሹን ቁልፍ በጥቂት ቀን ቀይሮ ተገኘ። ፍናን የሰጧትን ቁልፍ ይዛ ብታዞረው አልዞር አላት። ሽማግሌዎቹ ላፕቶፖቻቸውን ታቅፈው አስፋልቱ ዳር ቆመው ያዩዋት ነበር። በሩ ላይ «ክፍሉ ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ነበረበት። በመስኮቱ አሻግረን ብናይ የሚጠገን ነገርም፣ የሚጠግን ሰውም አልነበረም። ጋሼ ጉግሳ፣ «ቁልፉ ዝጎ ይሆናል፤ ስጪኝ እስቲ» ብለው ቁልፉን ተቀብለው ታገሉ። ልጄ ግን ገብቷት ነበር። «ይተዉት ጋሼ፤ ቁልፉ አይደለም» አለቻቸውና ወደ መኪናዋ ሄደች።

ከዚያ ኮሚቴው ጠራኝ። ለወንበሩና ለታሸገው ውኃ አመሰግናለሁ። ጸሐፊው አቶ ሀብተሥላሴ ስለ ልጄ የተጠቀሙበትን ቃል እዚህ አልደግመውም፤ የሱቁን መስታወት ማቆሸሽ አልፈልግም። ቀጥለው ግን የጠየቁኝን እጽፈዋለሁ፤

«ለመሆኑ ልጅቷ በአረጋውያኑ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባችው ምንድን ነው?»

«ሊኑክስ ነው» አልኳቸው።

«ለምን እንደ ሌላው ሰው ዊንዶውስ አልሆነም?»

በዚያ ክፍል ውስጥ ሳቅሁ። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳቄ ግን አምልጦኝ ነበር። ልጄ በመኪና ውስጥ የነገረችኝን ጥያቄ ቃል በቃል እየጠየቁኝ ነበር፤ ስለ የቱ እንደሚያወሩ ለእርሳቸውም አልለየላቸውም ነበር። ከዚያም ልጅቷ ለጥቂት ሳምንታት ጸበል ገብታ ብትመለስ ነገሩ ተሸፋፍኖ እንደሚቀር፣ ኮምፒውተሮቹም «ከተጫነባቸው ነገር» ተጠርገው በትክክለኛው እንዲተኩ መወሰኑን ነገሩኝ። እኔ ጸበል አከብራለሁ፤ እናቴ የዳነችው በጸበል ነው። እናቴ ግን ታማ ነበር። ልጄ ምን እንደታመመች ብጠይቅ ማንም አልነገረኝም። እርስዎ ደግሞ፣ ክብርት ሊቀመንበር፣ ስብሰባው ተጀምሮ እስኪያልቅ ጠረጴዛውን ነበር የሚያዩት። ጥሩ ጠረጴዛ ነው፤ አልወቅስዎትም።

ለነገሩ ልጄ እንደነገረችኝ፣ በአብዛኞቹ የኮሚቴው አባላት ኪስ ውስጥ ያለው አንድሮይድ የሚባለው ስልክ ከሥሩ ሊኑክስ ነው። በእሱ ጸሎት ሲሰሙበት፣ ልቅሶ ሲነገሩበት፣ ስለ ልጄም ሲደዋወሉበት ከርመዋል። ማንንም እንዳልለወጠ እመሰክራለሁ፤ የተለወጠ ሰው አላየሁም።

፬ኛ፤ ስለ ጽዳቱ። ይህን ምስጋና ቀስ ብዬ ልጻፈው።

አባላቱ ሁሉ ላፕቶፖቻቸውን ወደ አዳራሹ እንዲያመጡ በግሩፑ ላይ ተነገረ። ጋሼ ጉግሳ የማኅበር ትእዛዝ አይጥሱም፤ ይዘው መጡ። አንድ የተቀጠረ ባለሙያ ሁሉንም አጥፍቶ ዊንዶውስ ጫነ። ፍናን በአዳራሹ ካቢኔ ውስጥ ስሟን ጽፋ ያስቀመጠችው፣ የሽማግሌዎቹ ፋይል ሁሉ ቅጂ ያለበት ሃርድ ዲስክ ነበረ፤ እሱም «የእሷ ዕቃ» ተብሎ ከቆሻሻ ጋር ወጣ።

ጋሼ ጉግሳ እቤቴ መጡ። ላፕቶፑን በትራስ ልብስ ጠቅልለው ይዘውታል። ቁጭ አላሉም።

«ዘቢደር፣ ፋና የለችም» አሉኝ።

እትዬ ፋና ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። የሽማግሌው አእምሮ ተናወጠ ብዬ ደነገጥኩ። እጃቸውን ይዤ «አዎ ጋሼ፣ አርፈዋል እኮ» አልኳቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ። ከዚህ ውስጥ ነው የጠፋችው» አሉና ላፕቶፑን ገለጡልኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እትዬ ፋና ኩላሊታቸው ሲደክም፣ ባላቸው ብቻቸውን እንዴት እንደሚኖሩ ያሳስባቸው ነበር። ፍናን ድምፅ መቅዳት አስተማረቻቸው። እትዬ ፋና በየቅዳሜው ከአዳራሹ ጥግ ተቀምጠው ለባላቸው ሲናገሩ ከረሙ፤ ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ፣ የክረምት ብርድ ልብሱ የት እንዳለ፣ ሸሚዝ ሲታጠብ ምን ከምን እንደማይቀላቀል። ጋሼ ጉግሳ ምግብ ሲሠሩ ከፍተው ያዳምጡት ነበር። አንድ ቀን እኔም ሰምቻለሁ፤ «ጉግሳ፣ ሽንኩርቱን አታሳርረው አልኩህ እኮ!» ይላሉ እትዬ ፋና፤ ጋሼ ጉግሳም ከምድጃው አጠገብ ሆነው «እሺ፣ እሺ፣ ቀነስኩት» ይሉ ነበር። ሞት ያላቋረጠው ጭቅጭቅ ነበር።

ፍናንን ደወልኩላት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በፌርፋክስ አልፋ አታውቅም ነበር፤ ለጋሼ ጉግሳ ስትል ግን መጣች። ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ ማሽኑን ፈታች፣ ገጠመች፣ የሌላ ኮምፒውተር ገመድ ሰካችበት። ጋሼ ጉግሳ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሐኪም ቤት እንደሚጠብቅ ሰው እጇን እጇን ያያሉ። ቀስ በቀስ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ።

«ጋሼ... አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጽፎበታል» አለቻቸው።

«ወደ ወፉ ብትመልሽውስ?»

«ቢመለስም ባዶውን ነው የሚመለሰው።»

ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ፣ «እንዳይበክል ብለን ነው ያጠብነው አሉኝ» አሉ። «ፋና ማንን በከለች?»

ልጄ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አጽናኙ እሳቸው ሆኑ፤ ጀርባዋን እየመቱ «አንቺ አይደለሽም፤ አንቺማ አኑረሽልኝ ነበር» ይሏታል። እኔ የምይዘው አጥቼ ሻይ አፈላሁ፤ ማንም አልጠጣውም።

ስለዚህ ክብርት ሊቀመንበር፣ ማሽኑ አሁን ንጹሕ ስለሆነ አመሰግናለሁ። እንዲህ የጸዳ ነገር አይቼ አላውቅም። ምንም የለበትም። ከኮሚቴው የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን በእራት ሰዓት ጋሼ ጉግሳ ቤት ጎራ ብላችሁ፣ በዝምታ የተሠራውን ሽሮ ቅመሱ። እንግዳ አይመልሱም። ሽንኩርቱ ግን ያረረ ሊሆን ይችላልና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሚቀጥለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ከምስጋናም ከቅሬታም አልገጥም አለኝ።

ሠርጉ ካልቨር ሲቲ ባለ መናፈሻ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጥቂት ሰው ነበርን፤ የቤዚ ወንድም፣ ከሥራ ቦታቸው የመጡ ጓደኞቻቸው፣ ከመንገዳችን ደግሞ እኔና ጋሼ ጉግሳ። ጋሼ ጉግሳ የቀብር ሱፋቸውን ለብሰው መጡ፤ ሌላ እንደሌላቸው አውቃለሁ። «ምርቃት አውቃለሁ፤ ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ» ብለው በሁለቱም ላይ እጃቸውን ጭነው መረቋቸው፤ «ስትጣሉ እንኳ ድምፃችሁ ከቤት አይጥፋ» አሏቸው።

ከዚያ በፊት ግን ፍናን እንጀምር ስትባል «ትንሽ እንጠብቅ» እያለች ታዘገይ ነበር። አጋቢዋ ሴትዮ ሰዓቷን ማየት ጀመረች። የልጄን ዓይን ተከትዬ ባይ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር አንዲት ነጭ ቶዮታ ቆማለች። ሞተሯ አልጠፋም። በመስታወቱ ውስጥ የተጣጠፈ ነጠላ ይታያል። ልጄ አይታለች፤ እኔም አይቻለሁ፤ ሁለታችንም ለሌላው አልተናገርንም። ፍናን በዚያ በኩል ፊቷን አድርጋ፣ ቀሚሷን በእጇ ይዛ፣ ልክ ሰው ሊሮጥ ሲል እንደሚሆነው ሆና ቆመች። ሰርኬ፣ በሩን መክፈት ብቻ ነበር የቀረሽ። ልብስሽን ለብሰሽ፣ ነጠላሽን አጣጥፈሽ፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድተሽ መጥተሽ፣ አንድ በር! እኔ ሮጬ መጥቼ ልከፍትልሽ ነበር እኮ፤ ስነሳ መኪናዋ ተነሳች።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክብርት ሊቀመንበር፤ አንቱታውን ዘነጋሁት። የኖረ አፍ ቶሎ አይታረምም።

ስለ ቀሪው ባጭሩ ላሳውቅዎት። ቤዚ ፖርትላንድ በሚገኝ ሆስፒታል ሥራ አግኝታ ሁለቱም ሄደዋል። ልጄ ዕቃዋን ስትጭን «ሥራው ጥሩ ስለሆነ ነው» አለችኝ፤ እኔም እንዳመንኩ ሆንኩ። ላፕቶፖቹ አዳራሹ ውስጥ ተደራርበው ተቀምጠዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሲከፈቱ ማንም የማያውቀውን የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ ባለሙያውም ስልክ አያነሳም። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጥገናው መቼ ያልቃል?» ይሉኛል። ገና ነው እላቸዋለሁ።

ሊቀመንበር መሆን ከባድ እንደሆነ አላጣሁትም። ምግብ ቤት ያለው ሰው የሰው አፍ ይፈራል፤ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ሰው ፊቱን ሲያዞር ሌላው ተከትሎ ያዞራል። ይህን ሁሉ አስቤ ልፈርድብዎ ሞክሬ አልቻልኩም፤ ይቅር ልልዎ ሞክሬም አልቻልኩም። በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ።

ለማኅበሩ ዕድገትን፣ ለኮሚቴው ረጅም ስብሰባን፣ ለእርስዎም ሙሉ ጤናን እየተመኘሁ፣ ከግሩፑ ብወጣም ከወዳጅነት ያልወጣሁ፣ በአዳራሹ ቁልፍ የማልገባ፣ ለክብርዎ ግን እጅ የምነሳ፣

አክባሪዎ
ዘቢደር ወልደየስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ ፍናን ደወለች። ፖርትላንድ አማርኛ የምታናግረው ሰው አላገኘችም፤ ቤዚም አማርኛ ስለማይቀናት የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። የቅዳሜ ሽማግሌዎቿን ካጣች ወዲህ አማርኛዋ በየሳምንቱ ሲሳሳ በጆሮዬ እሰማለሁ። ስለ ሥራዋና ስለ ዝናቡ አወራችኝ። ከዚያ፣ «እማዬ፣ ጋድማዘር በአማርኛ ምንድን ነበር የሚባለው?» አለችኝ። እኛ ቤት እትዬ ሰርኬ እንጂ በማዕረግዎ ጠርተንዎት ስለማናውቅ አልፈረድኩባትም። «ክርስትና እናት» ብዬ ቃሉን ነገርኳት፤ እንዳይጠፋት ደጋግማ አለችው። ቀጥላ «ደህና ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሼላታለሁ፤ ሁለተኛውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ስልክ ቁጥሯ አልተቀየረም።